ሴለሪ ከረግረግ ወደ ጓሮ የገባበት ታሪክ

በከተማችን የአትክልት መሸጫዎች ከካሮት፣ ከቆስጣና ከጥቅል ጎመን ጎን ተደርድሮ የሚገኘው ሴለሪ የተባለው አትክልት ለብዙዎቻችን ከሾርባ ማጣፈጫነት ያለፈ ታሪክ ያለው መስሎ አይታየንም። ቅጠሉ የድንብላልን ቅጠል ይመስላል፤ በእርግጥም ከድንብላል፣ ከእንስላል፣ ከነጭ አዝሙድና ከካሮት ጋራ የአንድ ወገን ተክል ነው። እኔም ብሆን ስለ ትውልዱ የጠየቅሁት ገዝቼ በበላሁት ጊዜ ሳይሆን፣ ዘሩን በጓሮዬ ዘርቼ ሳይበቅልልኝ በቀረ ጊዜ ነው።

የሴለሪ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው። በአንድ ግራም ውስጥ 2500 ያህል ፍሬ ይገኛል፤ በደቃቅነቱ ከጤፍ ጋራ ሊወዳደር ጥቂት ነው የሚቀረው። እኔ ግን ይህን ሳላስተውል እንደ ባቄላ በጣቴ አፈሩን እየበሳሁ ቀበርሁት። አንድ ወር ሙሉ ውሃ ሳጠጣ ብቆይ ከአረም በቀር ብቅ ያለ ነገር አልነበረም። ዘሩን የሸጠልኝን ሰው እያማረርሁ ሳለሁ፣ በአትክልት ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ጎረቤቴ መጡና መደቡን በጣታቸው ጫር ጫር አድርገው ተመልክተው፣ «የጤፍ አገር ሰው ሆነህ ይህን የሚያህል ዘር እንዴት ትቀብራለህ?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ገበሬያችን ጤፍ ሲዘራ መሬቱን አለስልሶና በከብት አስረግጦ ዘሩን ከላይ ይበትነዋል እንጂ አይቀብረውም። ሴለሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከዚህም ጋራ ለመብቀል ብርሃን ማየት ይሻል።

ሻጩን ያለ በደሉ ማማረሬን ትቼ፣ ይህ ተክል ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ያገኘሁት መልስ ከአትክልተኝነት ይልቅ የታሪክ ነገር ሆነብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚሁ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴለሪ በተፈጥሮው የረግረግ ተክል ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ፣ በወንዝ ዳርና ጨው በቀመሰው የባሕር ጠረፍ ዛሬም በዱር ይበቅላል። እንዲህ ባለ ስፍራ ዘሩ በእርጥብ ጭቃ ላይ ይወድቃል፤ እዚያው ላይ ፀሐይ እያየው፣ እርጥበት ሳይለየው ይበቅላል። ውሃ ከአጠገቡ ስለማይጠፋ ሥሩ ወደ ጥልቅ አይወርድም። እንግዲህ ይህ ተክል ወደ ሰው ጓሮ ከገባ ብዙ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ጠባዩን አልተወም፤ ዘሩን ያለብሱታል፣ አልበቅልም ይላል፤ ሁለት ቀን ውሃ ይነሡታል፣ ዘንጉ ይደርቃል፣ ይመርራልም። የዱሩ ሴለሪ ዘንጉ ቀጭን፣ ሽታው ብርቱ፣ ጣዕሙም መራራ በመሆኑ፣ የጥንት ሰዎች ከገበታቸው ይልቅ ለሌላ ነገር ይፈልጉት ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው በመቃብር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1323 ዓመት ገደማ የሞተው የግብጹ ንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 በተከፈተ ጊዜ፣ ከንጉሡ ጋራ ከተቀበሩት የአበባ ጉንጉኖች መካከል የሴለሪ ቅጠልና አበባ የተጠለፈበት ተገኝቷል። በግሪኮችም ዘንድ ሴሊኖን የተባለው ይህ ቅጠል የሐዘን ምልክት ነበር። በእርግጥ ሆሜር በኢልያድ መጽሐፉ ሲያነሣው የሐዘን ነገር የለበትም፤ ጌታቸው አኪሌስ ተቆጥቶ ከጦርነቱ በተለየ ጊዜ ሥራ የፈቱት የጭፍሮቹ ፈረሶች በሠረገሎቻቸው አጠገብ ቆመው በረግረግ ያደገ ሴሊኖን ሲግጡ ያሳየናል። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ዘሩን የሚዘራ ሰው ማወቅ የሚገባውን ዋና ነገር፣ ተክሉ የረግረግ ልጅ መሆኑን፣ ባለቅኔው በአንዲት ቃል አስቀምጦታል።

የሐዘኑ ምክንያት በኔሜያ ከሚነገረው ተረት ጋራ የተያያዘ ነው። የኔሜያ ንጉሥ ኦፌልቴስ የሚባል ሕፃን ልጅ ነበረው። በእግሩ ሳይሄድ መሬት እንዳይነካ በትንቢት ተነግሮለት ሳለ፣ ወደ ቴብስ ለጦርነት የሚያልፉ ሰባት የጦር አለቆች ሞግዚቱን ውሃ ለመኗት። ሞግዚቲቱም ምንጩን ለማሳየት ስትል ሕፃኑን በሴሊኖን ቅጠል ላይ አስተኝታው ሄደች፤ ስትመለስ እባብ ገድሎት አገኘችው። አለቆቹ ለሕፃኑ መታሰቢያ የስፖርት ውድድር አቆሙ፤ የኔሜያ ጨዋታ የተባለውም ይኸው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ573 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ሲደረግ በኖረው በዚህ ውድድር፣ ዳኞቹ የሐዘን ልብስ ለብሰው ሲቀመጡ፣ ያሸነፈው ወጣት የወርቅ ሽልማት ሳይሆን የሴሊኖን አክሊል ይደፋ ነበር። መቃብርንም የሚያስጌጡበት ያው ቅጠል ስለ ነበረ፣ በጽኑ ታሞ ተስፋ ስለ ተቆረጠበት ሰው ሲናገሩ ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሴሊኖን ብቻ ነው ይሉ እንደ ነበረ ፕሉታርክ ጽፏል።

ይኸው ፕሉታርክ ስለ ቲሞሌዎን በጻፈው ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ይተርካል። በአራተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የቆሮንቶሱ ቲሞሌዎን በሲሲልያ ደሴት የካርታጎን ጦር ሊገጥም ጥቂት ሠራዊት ይዞ ተራራ ይወጣ ነበር። የጠላት ጦር ሰባ ሺህ ይሆናል ተብሎ ይነገር ነበርና ወታደሮቹ ከመጀመሪያውም ፍርሃት ገብቷቸዋል። በመንገድ ሳሉ ሴሊኖን የተጫኑ በቅሎዎች ከፊት ለፊታቸው መጡ። ወታደሮቹ የመቃብሩን ቅጠል ባዩ ጊዜ ይህ የሞታችን ምልክት ነው ብለው ደነገጡ። ቲሞሌዎን ግን ሠራዊቱን አቁሞ፣ በአገራችን በቆሮንቶስ በሚደረገው ውድድር አሸናፊ የሚደፋው አክሊል ከዚህ ቅጠል የሚሠራ መሆኑን አታውቁምን? እነሆ ድል ሳናደርግ አክሊሉ ወደ እጃችን መጣ፤ በማለት አስረዳቸው። ከቅጠሉም ወስዶ አስቀድሞ ራሱ ደፋ፤ ከእርሱም ቀጥሎ አለቆቹና ወታደሮቹ ደፉ። በክሪሚሶስ ወንዝ በተደረገው ጦርነትም ዝናምና በረዶ በካርታጎ ሰዎች ፊት ላይ እየወረደባቸው ድል ሆኑ። አንድ ቅጠል በአንድ ሰዓት ውስጥ የሞትም የድልም ምልክት ሲሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

በዚያችው በሲሲልያ ስሟን ከዚሁ ተክል የወሰደች ከተማ ነበረች። ሴሊኑስ ትባላለች። በሰባተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በግሪኮች ተቆርቁራ የብር ገንዘቧን የሴሊኖን ቅጠል እየቀረጸችበት ታትም ነበር። በ409 የካርታጎ ሰዎች አጠፏት። የመቅደሶቿ ፍርስራሽ ዛሬም በባሕሩ ዳር ይታያል፤ ገንዘቧም በየቤተ መዘክሩ ሲገኝ፣ ቅጠሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሮማውያን ዘሩን በወጥ ማጣፈጫነት፣ ሐኪሞችም በመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖሩ። በ800 ዓመት ገደማ ንጉሥ ካርል ታላቁ በርስቶቹ ሁሉ እንዲተከሉ ካዘዘው አትክልት ውስጥ ስሙ ተጽፏል። በ820 ገደማ ለቅዱስ ጋል ገዳም በተሣለው ፕላን ላይም የአትክልቱ ስፍራ በ18 መደብ ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ መደብ የሚዘራው ስም ሲጻፍ አንደኛው መደብ ለሴለሪ ተሰጥቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ያው መራራው ተክል ነበር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኢጣልያ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የኢጣልያ አትክልተኞች ዘንጉ ወፍራምና ለስላሳ፣ ምሬቱ ያነሰ የሆነውን እየመረጡ ዘሩን አስቀሩ፤ ከዚያ ዘር ደግሞ የተሻለውን መረጡ። ማን እንደ ጀመረው የሚነግረን የለም። የጦር አለቃው ቲሞሌዎን አክሊሉን የደፋበት ቀን ተጽፎ ሲቆይልን፣ መራራውን ጣፋጭ ያደረጉት ሰዎች ስም አለመጻፉ የታሪክ ጸሐፊዎች የቆየ ልማድ ነው። ሴለሪ የሚለውም ስም በሰሜን ኢጣልያ በሎምባርድያ ከሚነገረው ቃል ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ገባ። እንግሊዛዊው ጆን ኢቭሊን በ1699 ስለ ሰላጣ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴለሪ በእንግሊዝ አገር እንግዳ እንደ ነበረ፣ በኢጣልያም ቢሆን ከተለመደ ብዙ ዘመን እንዳልሆነው ገልጾ፣ በታላላቅ ሰዎች ግብዣ በሰላጣው መካከል የክብር ቦታ እንደሚሰጠው ጽፏል።

የክብሩ ምክንያት ጣዕሙ ብቻ አልነበረም፤ ድካሙም ነው። ተክሉ በዘር መረጣ ቢሻሻልም ምሬቱ ፈጽሞ አልጠፋምና አትክልተኞቹ ብርሃን መከልከልን ዘዴ አደረጉት። ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል የጠለቀ ቦይ ይቆፍራሉ፤ ከግርጌው ፍግ ያደርጋሉ፤ ችግኙንም በቦዩ ውስጥ ይተክላሉ። ተክሉ ከፍ ሲል ቅጠሉን ሰብስበው ያስሩና አፈር ያስታቅፉታል፤ እንደ ገና ሲያድግ እንደ ገና ያስታቅፉታል። አፈሩ ወደ ልቡ እንዳይገባ በእጅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከገባ ይበሰብሳል። በጨለማ ያደገው ዘንግ አረንጓዴ ቀለሙን አጥቶ ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ምሬቱም ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ አትክልተኛ መቅጠር የሚችል ባለጸጋ መሆን ያሻ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ቤቶች ሴለሪ በመስተዋት ዋንጫ እንደ አበባ ተደርድሮ በገበታ መካከል ይቀመጥ የነበረው፣ እንግዳው የባለቤቱን አቅም እንዲያይ ነው።

ከባለጸጎች ገበታ ወደ ሕዝብ ያወረዱት ግን ድኾች ናቸው። ይህም የሆነው በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ባለችው በካላማዙ ከተማ ነው። በ1856 ጆርጅ ቴይለር የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ አትክልተኛ ያበቀለውን ሴለሪ በከተማው ሆቴል በተደረገ ግብዣ ላይ እንዳቀረበና እንግዶቹም እንደ ብርቅ ነገር እንደ ተመለከቱት ይነገራል። ከእርሱ ቀጥሎ ኮርኔልየስ ደ ብሩይን የተባለው የሆላንድ ስደተኛ ሥራውን አስፋፋ። በከተማይቱ ዙሪያ ማንም የማይፈልገው ጥቁር ረግረግ ነበረ። የሆላንድ ሰዎች ደግሞ በአገራቸው ከውሃ ጋራ ሲታገሉ የኖሩ ናቸው፤ መሬቱን በርካሽ ገዝተው፣ ቦይ ቀድደው ውሃውን አጠነፈፉና የረግረጉን ተክል በረግረግ አፈር ተከሉት። በአያሌ መቶ ዓመት ውስጥ ተክሉ የተወለደበትን ዓይነት ቦታ ያገኘው ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው ግን የሚያስቀና አልነበረም። አፈሩ እጅግ ልል ስለ ሆነ ፈረሶቹ እንዳይሰምጡ ሰፊ የእንጨት ጫማ ይደረግላቸው ነበር። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በጉልበታቸው እየዳሁ ይተክሉ፣ ያርሙ ነበር። አፈር በማስታቀፍ ፈንታ በረድፉ ግራና ቀኝ ሳንቃ አቁመው ብርሃኑን ይከልሉ ጀመር። ልጆች እቅፍ እቅፍ አድርገው በባቡር ጣቢያ ለመንገደኞች ይሸጡ ስለ ነበር ካላማዙ የሴለሪ ከተማ ተብላ ታወቀች። ስሙ በገነነ ጊዜ መድኃኒት ነጋዴዎችም አልቀሩም፤ በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ሴለሪ ለነርቭ ፍቱን ነው እየተባለ፣ ብዙ አልኮል የተቀላቀለበት ጠርሙስ በየጋዜጣው ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። ጠጪው ይሻለኛል ማለቱ ከሴለሪው ይሁን ከአልኮሉ፣ አንባቢ ይፍረድ።

ሠራተኞቹን ያስቸገረ አንድ ሕመምም ነበር። ሴለሪ በሚያጭዱበት ወራት እጃቸውና ክንዳቸው ይቆስልና ውሃ ይቋጥር ነበር። ምክንያቱ በሐኪሞች ዘንድ ግልጽ የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1961 በሚሺጋን አጫጆች ላይ ስለ ተደረገ ምርመራ የታተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ተክሉ ሻጋታ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል የሚያወጣው ንጥረ ነገር ቆዳን ከነካ በኋላ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል። በ1980ዎቹም ተባይ እንዳይደፍረው ተብሎ የተመረጠ አንድ የሴለሪ ዓይነት ይህ ንጥረ ነገር በዝቶበት ተገኝቶ፣ የነኩትን ሠራተኞች እጅ አቃጥሏል። የኢጣልያ አትክልተኞች በብዙ ትውልድ ያለዘቡት የዱር ጠባይ ፈጽሞ እንዳልሞተ ከዚህ ይታያል።

የካላማዙ ዘመን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ እየደከመ ሄደ። በመሬቱ ላይ የተክል በሽታ በዛ፤ ውሃው የተጠነፈፈ የረግረግ አፈርም ዓመት በዓመት እየሟሸሸ የሚሄድ ነው። የፍሎሪዳና የካሊፎርንያ ሰፋፊ እርሻዎች በበረዶ በቀዘቀዘ ባቡር ምርታቸውን በክረምት ጭምር ይልኩ ጀመር። ገዢውም ፓስካል የተባለውን አረንጓዴ ዓይነት ለመደ፤ ይህ ዓይነት ሳይነጣም ስለሚበላ የሆላንዶቹ ሳንቃና ጥበብ ዋጋ አጣ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች መሬታቸውን ሳይለቁ ወደ አበባ ችግኝ ዞሩ፤ ዛሬ ያ አውራጃ በዚሁ ይታወቃል። አባቶቻቸው በጉልበታቸው የዳሁበት እርሻ ግን ስሙ ቀርቷል።

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። ጎረቤቴ ከገሠጹኝ በኋላ ዘሩን አንድ ሌሊት በውሃ ነክሬ፣ በለሰለሰ አፈርና ኮምፖስት በተሞላ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ ከጥቂት አሸዋ ጋራ ቀላቅዬ በተንሁት፤ በመዳፌም ተጫንሁት እንጂ አፈር አላለበስሁትም። ላዩን በመስተዋት ከድኜ፣ ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ብርሃናማ ስፍራ አኖርሁት። ውሃውን በመርጫ እንደ ጤዛ ማርከፍከፍ እንጂ ማፍሰስ አይገባም። ሙቀቱ ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው፤ ሠላሳ ከደረሰ ዘሩ ይተኛል። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ሰላጣ በአራትና በአምስት ቀን ሲወጣ ሴለሪ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እንደ አረንጓዴ አቧራ ያለ ነገር ሳይ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ልጆቼ ያን ያህል የሚያስጠራ ነገር አልመሰላቸውም።

ችግኙ ከሳጥን ወደ መደብ እስኪዛወር አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየ25 ሳንቲሜትሩ ፍግ በጠገበ መደብ ተተክሎ፣ ሥሩ ጥልቅ አይደለምና አፈሩ እንዳይደርቅ በሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ይሻል። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ከውጭ በኩል ያለውን ዘንግ እያንዳንዱን ገንጥሎ መብላት ይቻላል፤ ልቡ ካልተነካ ሌላ ያወጣል። አንዳንዶቹን ለሙከራ ያህል ከመቁረጤ ሁለት ሳምንት በፊት በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ አስሬአቸው ነበር። ነጥተው፣ ለስልሰው ወጡ፤ ከአረንጓዴዎቹ ጋራ አወዳድሬ ስቀምሳቸው የኢቭሊን ዘመን ሰዎች የደከሙበት ምክንያት ገባኝ። ባለቤቴ ግን ለሾርባ የሚሻለው አረንጓዴው ነው ትላለች፤ ሽታው አልጠፋምና እውነቷን ነው።

አንድ ስሕተት ግን ሠርቻለሁ። ሴለሪ የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ የክረምት ብርድ ካለፈበት በኋላ በሁለተኛው ያብባል። ችግኙ ትንሽ ሳለ ከአሥር ዲግሪ የወረደ ብርድ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ቀን ቢደጋገምበት ክረምቱ ያለፈ መስሎት ያለ ጊዜው ወደ ማበብ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቸኩዬ በኅዳር ወር ወደ ሜዳ አውጥቼው ነበርና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ መታው። ከሃያ አራቱ ሰባቱ ወገባቸውን ሰብቀው አበቡ፤ ዘንጋቸውም እንደ እንጨት ሆነ። ነቅዬ ልጥላቸው ሳስብ ጎረቤቴ ከለከሉኝ። ንቦቹ ከሩቅ እየመጡ በነጫጭ አበቦቻቸው ላይ ሰነበቱ። አበባው ደርቆ ሲራገፍ ከሰባቱ ተክሎች የሰበሰብሁት ዘር አንድ የቡና ሲኒ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ግማሹን ባለቤቴ ለወጥ ወሰደችው፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ብርዱ እስኪያልፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።